ካሜራ ስምንትን ያልወለወለው ሰው

መቶ ሃያ። መቶ ሃያ አንድ።

መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ በልቡ ይቆጥራል። ቀኝ እጁ በያዘው ጨርቅ የካሜራውን መስታወት ሸፍኗል፤ ግራው የብረት ምሰሶውን እንደ ዘመድ አቅፏል። ከሥሩ የአውቶቡስ ፌርማታው ይተራመሳል። ይጋፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ።

መቶ ሠላሳ።

ጨርቁ እዚያ እስካለ ድረስ ከተማው በዚህ በኩል ዕውር ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር ስክሪን ላይ የሚታየው ጨርቅ ብቻ። ሦስት ደቂቃ ካለፈ በሬዲዮ ይጠሩታል። «አያ መሰላል፣ እዚያው ጎጆ ቀለስክ እንዴ» ይሉታል፤ ከዚያ ይሳሳቃሉ። ስለዚህ መቶ ሰማንያ ከመድረሱ በፊት ነገሩ ማለቅ አለበት።

ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው መጥቶ ከምሰሶው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጋዜጣ ዘረጋ።

ዘወትር የሚመጣው መልእክተኛ አልነበረም። ራሱ ጋሼ ነው።

መቶ አርባ።

ወልዋዩ ልቡ ድንግጥ አለ። አለቃ ከወንበሩ ተነስቶ መንገድ ላይ የሚመጣው ለደግ ነገር አይደለም። ቢሆንም እጁ ሥራውን ያውቃል። ከወገቡ የላስቲክ ከረጢት ፈትቶ ለቀቀው። ከረጢቱ ምሰሶው ሥር ካለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ጋሼ ጋዜጣውን ጨመደደና ተነሳ። ጋዜጣውን ሲጥል ከረጢቱን አወጣ። በአንድ ትንፋሽ።

መቶ ሰባ።

ጨርቁን ከማንሳቱ በፊት ካሜራውን በክርኑ ገፋ አድርጎ ወደ መንገዱ ማዶ አዞረው። ሲወለወል ዝንፍ አለ ይባላል። ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ያስገኛል። ወርዶ ባልዲው ላይ አጎነበሰ። አልተያዩም።

«አቧራ» አለ ጋሼ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ የመጨረሻው ነው። ወደዚያ ክፍል አትመለስም። ሴትዮዋ ትያዛለች።»

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይጠፋል ጋሼ።»

«ምኑ?»

ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ ነግሮታል።

«የስምንት ቁጥሩ። ሠላሳ ቀኑ ዛሬ ይሞላል።»

ጋሼ ኮቱን ቆለፈ። ዲስኩን እንዳይነካ፣ ሥራው ጨርቅ መሰብሰብ ብቻ እንደሆነ፣ የአማቹን ጉዳይ እሱ ራሱ እንደሚጨርሰው ነገረው። «እኔ አለሁልህ» አለና አውቶቡስ እንደዘገየበት ሰው እየተማረረ ሄደ።

እኔ አለሁልህ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰማት ቃል ናት።

አቧራ በደህንነት መሥሪያ ቤቱ የወጣለት የሥራ ስሙ ነው። ሌሎቹ ነብር ተባሉ፣ ንስር ተባሉ። ከእሱ ኋላ የገባ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ባለ ዲግሪ እንኳ መብረቅ ተብሏል። ለእሱ አቧራ። ስሙን ያወጣለት ሰው ሲስቅ በዓይኑ አይቷል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ስላቋረጠ የሚጽፈውን ሪፖርት የዶሮ ጭረት እያሉ ይቀባበሉታል፤ ከዚያ አሳምረው ይገለብጡትና ከሥሩ የራሳቸውን ስም ይፈርማሉ። ሁለት ጊዜ እሱ በለፋበት ሌላ ሰው ተሸልሟል። እሱ ከኋላ ወንበር ሆኖ አጨብጭቧል። ሰው እንዲህ ያለውን ይረሳዋል ይላሉ። እንደሱ የሚሉት ያልደረሰባቸው ናቸው።

ይህ ሥራ ሲሰጠው ግን ደስ ብሎት ነበር። ከተማው መንገዱን ሁሉ በካሜራ ሞልቶታል። መጀመሪያ ላይ ጠቅሞም ነበር፤ ኪስ አውላቂ ገና እጁን ሳያወጣ ይያዛል፣ መንገድ የጠፋባቸው አሮጊት በግማሽ ሰዓት ተገኝተው ቤታቸው ገብተዋል፣ ገጭቶ ያመለጠ መኪና በታርጋው ተለቅሟል። በኋላ መጋዘኖች መዘረፍ ጀመሩ። በተዘረፉ ቁጥር በር ላይ ያለው ካሜራ አላየም። ከውስጥ የሚያሳውር ሰው አለ ተባለና «ጥላ» የሚል ስም ወጣለት። አቧራ ካሜራ ወልዋይ ሆኖ ይግባ፣ ጥላን ያግኝ ተባለ።

አገኘው። ያገኘውም በዲግሪ ሳይሆን በጨርቅ ነው።

መንገድ ዳር የከረመ ካሜራ ሲወለወል ጨርቁ ጠቁሮ ይወርዳል። አንዳንድ ቀን ግን ከትናንት ወዲያ የወለወለውን ካሜራ ድጋሚ ወልውል የሚል የጽዳት ትእዛዝ ይደርሰዋል። ይወጣል፣ ይሸፍናል፣ ያሻል። ጨርቁ እንደ ወጣ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። በነዚያው ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ መጋዘን ተሰብሯል። ለካ ሲያሳውር የኖረው እሱ ራሱ ነው። በገዛ እጁ፣ በትእዛዝ። ከዚያ ወዲህ ያልቆሸሸውን ጨርቅ ሁሉ ከትእዛዙ ወረቀት ጋር በላስቲክ እየጠቀለለ ለጋሼ ላከ። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊዋ፣ ክፍሉ በሙሉ እትዬ የሚላቸው ሴት።

ስድስተኛው መጋዘን ላይ ሰው ሞተ። ዛሬ ሠላሳኛ ቀኑ ነው። አቧራ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት፣ ሰባት ቁጥር ካሜራ ላይ ጨርቁን ጭኖ ሲቆጥር፣ ከበሩ ውስጥ ዘበኛውን በብረት መቱት። ምንም አላየም። የሚወለውል ሰው ፊቱ ወደ ካሜራው፣ ጀርባው ወደ ነገሩ ነው። የጭነት መኪናዎች ጩኸት ደግሞ ምንም አያሰማም።

ያኑ ዕለት ፖሊስ አንድ ሰማያዊ ታክሲ የሚነዳ ሰው ያዘ። ሰማያዊ መኪና ከዚያ ሲወጣ ታይቷል፣ ሾፌሩም ከዘበኛው ጋር በመኪና ማቆሚያ ተጣልቶ ያውቃል ተባለ። ሾፌሩ የአቧራ እህት ባል ነው።

አማቹ በዚያ ሰዓት ከመጋዘኑ ርቆ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ነበር። ማደያው ላይ ስምንት ቁጥር ካሜራ አለ። ፖሊስ ቅጂውን ጠየቀ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ ሰባትና ስምንት ቁጥር ካሜራዎች በተባለው ሰዓት በጽዳት ላይ ነበሩ።

ስምንትን አልወለወለም።

ይህን መመስከር የሚችለው እሱ ነው። እሱ ደግሞ የለም። የወልዋዩ መታወቂያ ላይ ያለው ስም የማንም ስም አይደለም። ዲስኩ ሠላሳ ቀን ብቻ ይይዛል፤ ሠላሳ ሲሞላ የፊተኛውን እየበላ አዲሱን ይጽፋል። አሥር ሰዓት ሲሆን አማቹ ማደያው ላይ የቆመባት ሰዓት ከዓለም ላይ ትጠፋለች።

መሰላሉን ተሸከመ። ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ መቆጣጠሪያው ተመለሰ።

የመቅረጫ ማሽኖቹ ክፍል ከመቆጣጠሪያው ጀርባ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ማሽኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረው እንደ ቀፎ ይጮኻሉ። አቧራ ከገባባቸው ይግላሉ፣ ከጋሉ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ማራገቢያቸውን የሚነፋው እሱ ነው። ኢንጂነሮቹ እዚህ ለመግባት በሁለት ሰው የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያ ይበቃዋል። ውጭ ያሉት ኮምፒውተሮች የፍላሽ ቀዳዳቸው በሙጫ ተደፍኗል። እዚህ ግን ክፍት ነው።

ከጫማው ውስጥ ፍላሹን አወጣ። የራሱ ፍላሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አይደለም። ሰካው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስምንት ቁጥርን መረጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

አሥር በመቶ። ሃያ።

ትንሿ መስኮት ላይ ምስሉ ይሮጣል። አማቹ አለ። ታክሲውን ተደግፎ ከኋላው ካለው ሾፌር ጋር ይሳሳቃል። ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ዝናብ የፈራ ይመስላል። ጥግ ላይ ሰዓቱ በነጭ ተጽፏል። ከዚያ በማደያው ጀርባ፣ ከመጋዘኑ በኩል፣ ሌላ ሰማያዊ መኪና እየበረረ አለፈ። ታርጋው ይነበባል።

ሠላሳ አምስት በመቶ።

በሩ ተከፈተ።

«ጨርቁን ለምንድን ነው የማታጥበው?»

እትዬ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ያበጠ እግራቸውን በክፍት ጫማ ይጎትታሉ።

ያልደነገጠ ለመምሰል ማራገቢያውን ነፋ። «የትኛውን ጨርቅ እትዬ?»

«ሁሉንም። ሰው አንድ ጨርቅ ይዞ እስኪበጣጠስ ያጥበዋል። አንተ በሁለት ወር ስልሳ ጨርቅ ከግምጃ ቤት አስወጣህ። ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ‹ጋቢ እያሠራበት ነው› ብሎ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም። አየሁህ። አጥፈህ ኪስህ ነው የምትከተው። የወለወለበትን ጨርቅ የሚያስቀምጥ ወልዋይ እድሜዬን አላየሁም።»

መንፋቱን አቆመ።

ስንቱን ጉድ አልፎ፣ ስንት የሚያፋጥጥ ዓይን ፊት ቆሞ፣ የጣለው ጨርቅ አለማጠቡ ነው። ሥልጠና ላይ ማስረጃ እንዳታጥቡ፣ እንዳትነካኩ ሲባል ባለ ዲግሪዎቹ ሲያንቀላፉ እሱ ነበር ቀልቡን ሰጥቶ የተማረው። በደንብ ተማረ። ከጽዳት ሠራተኛ እናት የተወለደ ሰው፣ ጨርቅ የሚታጠብ መሆኑን ረሳው።

«ዘበኛ ይጥሩ እንግዲህ» አለ።

አልጠሩም። በሩን ከኋላቸው ዘጉና ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡበት።

«ለማን እንደምትሠራ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስምንትን ወልውለሃል?»

«አልወለወልኩም።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሃምሳ በመቶ።

ቀስ ብለው አወሩለት። ሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አሉ። አንድ ቀን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የያዘ ሰው መጣ፤ ምስጢር ነው፣ ለባልሽም አትናገሪ አለኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ ሆነ። ይህ ቁጥር ካሜራ በዚህ ሰዓት ይጽዳ ይለኛል፤ እኔም እፈርማለሁ። የራሳችን ሰዎች ሥራ ላይ ስለሆኑ እንዳይታዩ ነው ስላለኝ አመንኩት። ማኅተም አይቼ እንዴት አላምን። ዘበኛው የሞተ ቀን ደወለና ሰባትና ስምንት በጽዳት ላይ ነበሩ ብለሽ መልሺ አለኝ። መለስኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ዓይኔ እንቅልፍ አልቀመሰም።

«ማነው የሚደውለው?»

«ስሙን መች ነገረኝ። ‹ማዕረግ አያስፈልግም፣ ጋሼ በይኝ› ነው ያለው።»

ወደ ትንሿ መስኮት ዞረ።

ማሽኖቹ ይጮኻሉ። ስልሳ ሁለት በመቶ።

ለእሱም ያለው ይህንኑ ነው። በዚያው ቃል። እንግዲህ ትእዛዙን የሚሰጠው ጋሼ፣ ትእዛዙን ማን እንደሰጠ ፈልግ ብሎ የላከው ጋሼ። ጥላ የሚባል ሰው ፈጽሞ አልነበረም። የከተማው ፖሊስ ስለ ዕውሮቹ ካሜራዎች ሲያጉረመርም ተላልፎ የሚሰጥ ሰው አስፈለገ፤ ሴትዮዋ ፈረሙ፣ አቧራ ፊርማቸውን ለቀመ። ጎበዝ። ለዚህ ለዚህ ጊዜማ አቧራ ይመረጣል።

እትዬ አስበውበት ነበር የገቡት። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል። አሥር ሰዓት ተኩል ከፈረቃ ይወጣሉ፣ አሥራ አንድ ላይ እዚያ በር ላይ ይገናኛሉ። ቅጂውን ያስገባሉ። እሳቸው በውሸት መጻፋቸውን ይናገራሉ፣ እሱ ስምንትን አለመወልወሉን ይናገራል። የሁለቱም ኑሮ እዚያው ያበቃል፤ የታክሲ ነጂው ግን ልጆቹ ጋ ይገባል። የእህቱ ባል መሆኑን እንኳ አያውቁም። ይህን የሚሉት ለማያውቁት ሰው ነው።

«ማን ይያዘው?» አለ።

ለአፍታ አዩት። ፍላሹ አንድ ነው።

«አንተ ያዘው፣ የኔ ወንድም። እኔን ሊያስፈትሹኝ ይችላሉ።»

መቶ በመቶ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት።

በር ላይ ወጪውን ሁሉ ያገላብጣሉ። ፍላሹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ባልዲው ታች ከተተው። እትዬ አብረውት ወጡ። ዘበኛው እጁን ወደ ባልዲው ሲሰድ እሳቸው ያን ባልዲ ከነካህ ከእንግዲህ እጅህን አልጨብጥም፣ የሽንት ቤቱን ጉድ ነው ያስወለወልኩት አሉት። ዘበኛው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ገና ሳይነካው።

ወጣ።

ሁለት መንገድ እንደተሻገረ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው አየ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ያው ነጭ ጫማ። ማዶ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ስልክ ላይ ሳያወራ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ።

ተከታትለውታል። ጋሼ እንደማይታዘዝ ገምቷል ማለት ነው። እሱ ሰው አያምንም፤ ትክክልም ነው።

መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደገፈው፣ ባልዲውን ከሥሩ አኖረ። ሊመለስ ነው እንዲሉ። ፍላሹ እጁ ውስጥ ነው። ወደ ጠባቡ የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች መንገድ ገባ።

ይህን ከተማ ምሰሶ ምሰሶውን አቅፎ ያወቀው ሰው ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ካሜራ ዞሮ እስኪመለስ አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ፊቱን ዛፍ ከጋረደው ስድስት ወሩ ነው፤ የሚቆርጥ የለም። ነጭ ጫማው በሬዲዮ «የት ገባ» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ የሚነግረው አይኖርም። በአንዱ ሱቅ የፊት በር ገብቶ በጓሮው ወጣ። ኮፍያውን ጣለ። የሥራ ካፖርቱን ገለበጠው። አርባውን ሰከንድ ቆጠረ።

ሠላሳ ስምንት።

ከኋላው የሚሮጥ እግር።

ሠላሳ ዘጠኝ። ተሻገረ።

ዛፉ ሥር ሲቆም ነጭ ጫማው መስቀለኛው ላይ ግራ ቀኝ ሲል አየው። ወደ ግራ ሄደ። አቧራ ወደ ቀኝ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማው። እስቲ አሁን የዶሮ ጭረት በሉኝ፣ አለ በሆዱ።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ሲገባ ሰዓቱ አሥር ከሃያ ነው። ዲስኩ በልቶ ጨርሷል። በዓለም ላይ ያለው ቅጂ መዳፉ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

መዝገብ ቤቱ በር ላይ ረጅም አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ ግራጫ ኮት።

«ልጆቹ ጠፋብን ሲሉኝ ኮራሁብህ» አለ ጋሼ። «እኔ ግን አልተከተልኩህም። የምትመጣበት ቦታ አንድ ነው። ተቀመጥ።»

መሮጥ ይችል ነበር። ተቀመጠ።

ጋሼ ረጋ ብሎ አስረዳው። ከዘራፊዎቹ አንዱ የእኛ ነው። በእሱ በኩል ዋናዎቹን እየደረስን ነው። ያ ሌላው ሰማያዊ መኪና የእሱ ነው። ዘበኛውን መምታቱ ስህተት ነበር፣ ተቆጥተነዋል። ተቆጥተነዋል ሲል ሰሃን የሰበረ ልጅ ያነሳ ይመስል ነበር። አሁን ይህን ቅጂ እዚያ መስኮት ላይ ብታስገባ ምን ይሆናል? ማን ቀዳው ይላሉ። ወልዋዩ። ስሙ ማነው? በሐሰት መታወቂያ የቀረበ ምስክር ከአማቹ አጠገብ ይታሰራል፤ ቅጂውም የተሰረቀ ነው ተብሎ ይጣላል።

«ስጠኝ። አማችህ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ይገባል። ማስረጃ ጎደለ ብለን እናስለቅቀዋለን፣ ማንም ሳይነካ።»

«እትዬስ?»

«እሷ ፈርማለች።»

ጋሼ ከኮቱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በቆንጆ ጽሕፈት የተተየበ ሪፖርት ነው። ጥላ የፈረቃ ኃላፊዋ መሆኗ፣ ጨርቆቹ፣ ወረቀቶቹ፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ ባዶ መስመር።

ከዚያ ጋሼ በስሙ ጠራው። በአቧራ አይደለም። እናቱ ባወጣችለት ስም፣ ከነአባቱ። አሥራ ሁለት ዓመት ከዚያ ሰው አፍ ሰምቶት የማያውቀውን ስም።

«ይሄን የምትፈርመው አንተ ነህ። በስምህ። ሌላ ማንም አይፈርምበትም።»

ለእህቴ ብዬ ነው ብሎ ነበር ኋላ ለራሱ የነገረው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያ ባዶ መስመር ነው። እጁ ውስጥ የነበረውን ፍላሽ አግዳሚው ላይ አኖረ። ብዕሩን ተቀበለ። አሳምሮ ለመጻፍ ምላሱን ነከሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ በግቢው በር ገቡ። ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ። ከሩቅ አዩትና እጃቸውን አነሱ።

እጁን አላነሳም።

ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ መጡ። አልጮኹም፣ አልታገሉም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉና አግዳሚውን ደህና አድርገው አዩት፤ እሱን፣ ጋሼን፣ በመካከላቸው ያለውን ወረቀት።

«ሰጠኸው?» አሉት።

ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ።

«ውይ፣ የኔ ወንድም» አሉ። ለእሱ ያዘኑለት ይመስል። ከዚያ ወሰዷቸው።

ሳምንቱ አለፈ። አማቹ አልተፈታም። ሁለተኛውም ሳምንት አለፈ። የጋሼ ስልክ አይነሳም። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና፤ ከጋሼ በፊት ያገኘው ሽልማት የተቀበለውን መብረቅን ነው። ሪፖርቱ ለጽሕፈት ጥራት ሲባል እንደገና ተተይቦ ነበር፤ የተፈረመበትም በመብረቅ ስም ነው። ጋሼ በመጨረሻ ሲያገኘው ከወንበሩ አልተነሳም። ታክሲ ነጂው ከተለቀቀ ማን ገደለ የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ስምንት ቁጥርም ይነሳል፣ አንተም ይህን አታጣውም አለው። ትንሽ ታገሥ። እኔ አለሁልህ።

ፍርዱ በሦስተኛው ወር ተነበበ። አሥራ ስምንት ዓመት። የእትዬ ጉዳይ በዝግ ችሎት ሆነ፤ ስንት እንደተፈረደባቸው የሚያውቅ የለም። መጋዘኖቹ መዘረፋቸው ቆመ። ሥራው በሚገባ ተፈጽሟል ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። ለአቧራ አዲስ መታወቂያና የአውቶቡስ ትኬት ተሰጠው። ሩቅ ከተማ፣ የጭነት መኪና ሚዛን ጠባቂ።

ከመሄዱ በፊት እህቱ ጋ ገባ። እህቱ በአንድ ድርጅት ዕቃ አመላላሽ ሆኖ የሚሠራ ነው የሚመስላት። በር ላይ ስታየው አቀፈችው። ከስታለች። የባሏ ጃኬት አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ልጆቹን ጎረቤት ልካቸዋለች፤ ሲያለቅሱ ማየት ሰልችቷታል። ስለ ይግባኙ ነገረችው። ሌላ ጠበቃ ይዛለች፣ ደህና ሰው ነው። መዝገቡን አገላብጦ አይቶ አንድ ነገር ነግሯታል።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያድነው አለኝ፣ ወንድምዓለም።»

«ማን?»

«ያን ቀን ካሜራ ሲወለውል የነበረው ሰውዬ። ስምንት ቁጥርን ወልውሎ እንደሆነና እንዳልሆነ እሱ ያውቃል አለኝ። መጥቶ አልወለወልኩም ካለ ፍርዱ ይከለሳል አለኝ።»

ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ጃኬት አየ።

ሁለት ሳምንት ስትፈልገው ቆይታለች። ከምሰሶ ምሰሶ ሄዳለች። ጫማ የሚጠርጉትን፣ ትኬት ቆራጮቹን፣ ነዳጅ ቀጂዎቹን ጠይቃለች። መሰላሉን ሁሉም ያስታውሱታል። ሰውየውን ግን አንዱ ረጅም ነው አላት፣ አንዱ አጭር ነው አላት። መቆጣጠሪያው ክፍል ሄዳ ስሙን ስታጠያይቅ እንዲህ የሚባል ሰው በቀበሌም በሌላም አይታወቅም ተባለች።

«ልጆች ይኖሩት ይሆናል» አለች። «ቢያውቅ እኮ ይመጣል። የሆነውን ሳያውቅ ቀርቶ ነው እንጂ፣ ሰው እንዴት እያወቀ ዝም ይላል?»

ዝም አለ።

«አንተ መቼም ብዙ አገር ትዞራለህ፣ ብዙ ሰው ታውቃለህ። ባክህ አፈላልግልኝ።»

ከመሳቢያ ውስጥ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አወጣች። ሰዎቹ የነገሯትን ሁሉ ጽፋበታለች። ሁለት ጊዜ አጠፈችና እጁ ላይ አስቀምጣ መዳፉን ጨፈነችለት።

«እፈልገዋለሁ» አላት።

ግንባሩን ሳመችው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር አለችው። እስከ መንገዱ ሸኘችው።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠና ወረቀቱን ከፈተ። የእህቱ ጽሕፈት ከእሱ አይሻልም። ረጅም። አጭር። ጠይም። ኮፍያ ያደርጋል። አያደርግም። ዕድሜው አይታወቅም። ከታች፣ ብቻውን፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ ደግ ሰው ይመስላል።

ትኬት ቆራጩ መጣና ስሙን ጠየቀው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አዲሱ ስም ጠፋበት። መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አነበበለት።